ለእኛ ዕድሜ የሚሆን ቲቪ የት አለ?

ዛሬ የማነሳው ስለ ቴሌቪዥን ነው። «ቲቪውን ተዪና አጥኚ» የምትሉ መምህራን ትንሽ ታገሱኝ።

ትንሽ ሆነን ብዙዎቻችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አይተናል። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት! በ1998 ዓ.ም. የጀመሯት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ፤ ሥራውንም የጀመሩት ቤታቸው ውስጥ ነው።

ችግሩ ከፀሐይ በኋላ ነው። ካደግን ቲቪው ይረሳናል። ማታ ሪሞቱ የትልልቆች ነው፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ይከፈታል፣ እኛም አብረን እናያለን። ስለ ኢስታንቡል ሀብታሞች ጠብ ጠይቁኝ፣ አንድ አይቀረኝም። ስለ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ማን ድራማ ሠራ?

ለእኛ የቀረበው «የኛ» ነው። በ2005 ዓ.ም. በሬዲዮ ተጀምሮ በኋላ ወደ ቲቪ መጣ። ኑሯቸው የማይመሳሰል አምስት ሴት ልጆች በሙዚቃ ይገናኛሉ። ሬዲዮው ላይ ከድራማው ቀጥሎ ውይይት ነበረው። እኔ ጉልበቱ እዚህ ጋ ነው እላለሁ። ድራማ ብቻ ቢሆን አልቅሰን እንተኛለን። ምክር ብቻ ቢሆንማ (ይቅርታ) እንደ ሰልፍ ላይ ንግግር ማንም አይሰማውም። ግን ወንዶቹ «የሴቶች ነው» ብለው ያልፉታል።

ስለዚህ በየሳምንቱ የሌላ ልጅ ታሪክ የሚያሳይ ተከታታይ ፕሮግራም ቢኖር እመኛለሁ፤ ድራማም፣ ዘፈንም፣ ዶክመንተሪም ያለበት። ለምሳሌ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ አለ እንበል። መምህሩ ያስቆመዋል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ስሙም «ሰነፍ» ይሆናል። ማታ ግን ታክሲ ተራ እስከ ሦስት ሰዓት ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። ይሄን ልጅ በእውነት ፊቱን ብንቀርጸው በነጋታው ትምህርት ቤት አይመጣም። ድራማው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሌላ ልጅ እሱን ሆኖ ይተውናል፣ ባለቤቱ አይታወቅም። ዶክመንተሪው ደግሞ የታክሲ ተራውን ማታ ያሳያል፤ ያኔ «ይሄ እኮ ፊልም ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

«ካሜራ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፀሐይ ከካልሲ ነው የተነሳችው፣ «የኛ»ም ከሬዲዮ። እኛ ማይክና ስፒከር አለን። አሁን በረፍት ሰዓት የምናሰማው ማስታወቂያ፣ እንቆቅልሽና ከፍላሽ ላይ ያንኑ ዘፈን ነው። ዓርብ ዓርብ 15 ደቂቃ ቢሰጠን አጭር ድራማ፣ የሙዚቃ ክበብ አንድ ዘፈን፣ ከዚያ እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ማቅረብ እንችላለን። ጥበቃችን ጋሼ እንኳ ስንት ታሪክ አላቸው!

የሚያንቀላፋውን ልጅ ድራማ በአራት ገጽ ጽፌዋለሁ። ልጁን የሚሆን አግኝቻለሁ። መምህሩን ሆኖ የሚተውን ግን ጠፋ፣ ሁሉም ይፈራል። ከመምህራን መካከል ፈቃደኛ ካለ ረቡዕ በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል እንጠብቃለን።