ሱቃችንን ጦርነት ወሰደው፤ ስማችንን ግን ራሳችን ነን የጣልነው

ካርቱም፣ ዴም ውስጥ የነበረውን ሱቃችንን ጦርነት ወሰደብን። ቀኑንም አንረሳውም፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የድረ ገጻችንን ስም ግን ጥይት አልነካውም። እሱን ያጣነው የአንድ ጆንያ በርበሬ ዋጋ የማይሞላ የዓመት ክፍያ ሳይከፈል ቀርቶ ነው። ይህንንም በጦርነቱ ማሳበብ ይብቃን።

ገጹ ቀላል ነበር። በአማርኛና በአረብኛ የቡና፣ የበርበሬና የሽሮ ዋጋ፣ ዕቃ በመተማ በኩል የሚያልፍበት ቀን፣ ሦስት ስልክ ቁጥር። ግማሻችን ወደ ገዳሪፍ፣ ግማሻችን ወደ መተማ፣ የቀረነው ወደ ካይሮ ስንበተን ያልተሰደደው አድራሻችን እሱ ብቻ ነበር። ዕዳ ያለበትም፣ ዕዳ የሚጠይቅም፣ ዘመዱን የሚፈልግም እዚያ ገብቶ ያገኘን ነበር። አንድ ቀን ገጹ ጠፋ። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲከፈት የቁማር ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ጎንደር ያሉ አንዲት እናት ደንበኛችን ቁጥራችንን እንደ ምንም ፈልገው ደወሉና «ምነው ልጆቼ፣ ሥራ ቀየራችሁ እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እንዴት ሆነ? ስሙ የተመዘገበው ገጹን በሠራልን ልጅ ስምና ኢሜይል ነበር። ክፍያው የሚወጣው ዱባይ ካለው የአጎቱ ልጅ ካርድ፣ የማረጋገጫው ቁጥር የሚመጣው በካርቱም ሲም ነበር። ልጁ እንደ ሁላችንም ነፍሱን ይዞ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በሱዳን አብዛኛው ክፍል ኔትወርክ ሲጠፋ ሲሙም አብሮ ዝም አለ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም ማለትም አይቻልም። እንደ ዶት ኮም ያሉ ስሞችን የሚመዘግቡ ድርጅቶች ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለቀም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ማሳሰቢያ እንዲልኩ በአይካን ደንብ ይገደዳሉ። ካለቀ በኋላ እንደ ድርጅቱ እስከ 45 ቀን ድረስ ማሳደስ ይቻላል። ቀጥሎ በከባድ ቅጣት የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ስሙ ለፈለገ ሰው ክፍት ይሆናል። ብዙዎቹ እንዲያውም ቀድመው ጨረታ ያወጡበታል። ጊዜ ነበረን። ያልነበረን ደብዳቤውን የሚከፍት ሰው ነው።

በሰው ካርድ መክፈል ከየት እንደመጣ እናውቃለን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ሰፊ ማዕቀብ ከጣለች ጀምሮ ካርቱም ተቀምጦ በካርድ ውጭ አገር መክፈል ጭንቅ ነበር። ማዕቀቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢነሳም በባንካክ ጎረቤት ለጎረቤት ገንዘብ እንላላካለን እንጂ ለውጭ ድርጅት አንከፍልበትም። ስለዚህ የሌላ ሰው ካርድ መለመን ነውር አይደለም። ነውሩ ከካርዱ ጋር ባለቤትነቱንም አሳልፎ መስጠቱ ነው።

«ዘመኑ የፌስቡክና የቴሌግራም ነው፣ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚሉን አሉ። ቴሌግራማችሁ የተከፈተው በየትኛው ሲም ነው? የሰው ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ባለግቢው ሲፈልግ ይነሳል። «ይሄ የልጁ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ልጁ ስንት ዓመት ከኪሱ እንደከፈለልን ማን ጠየቀው? እናንተ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች ደግሞ የደንበኛን ስም በራሳችሁ ስም መመዝገብ ተዉ። ለጊዜው ያመቻል፤ ስትጣሉ ግን መያዣ፣ ስትለያዩ ደግሞ መቃብር ይሆናል።

መርሳት የትንሽ ነጋዴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ሰሞን ማይክሮሶፍት የፓስፖርት ዶት ኮምን ክፍያ ረስቶ ሰዎች ሆትሜይላቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር። 35 ዶላሩን ከፍሎ ያዳነው የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ ፕሮግራመር ነው። ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይመጣልንም።

አሁን ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ካርቱም የሚመለሱ ወገኖች አሉ። ሱቅ ሲከፈት ገጽም ይከፈታል። ኢቃማችን ሊያልቅ ሲል እንዴት እንደምንሯሯጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለስማችንም እንደዚያው እንሩጥ። ባለቤት ተብሎ የሚመዘገበው ነጋዴው ራሱ ይሁን። ኢሜይሉ በዚያው ድረ ገጽ ስም የተከፈተ አይሁን፤ ገጹ ሲሞት አብሮ ይሞታልና። ሁለት የቤተሰብ ሰው በሁለት አገር ሆኖ ሊከፍተው ይቻል። ካርድ ያለው ዘመድ ሲገኝ የአንድ ዓመት ብቻ አትክፈሉ፤ ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ በአንዴ ይከፈልለታል። «በራሱ ይታደሳል» የሚለውም ካርዱ ባዶ ከሆነ አያድንም። የሚያልቅበትን ቀን ከሱቅ ኪራዩ ቀን አጠገብ ጻፉት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። የድረ ገጽ ስም ግን የሚውለው ለተከፈለበት ቀን ያህል ብቻ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስማችን በማን ስም ነው የተመዘገበው? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ከጠፋ፣ ስሙ ከእጃችሁ ወጥቷል ማለት ነው።