ከመስመሩ የወጡት ነጥቦች ምን ይላሉ?

በአንድ ወረዳ የምርት ዘመኑ አፈጻጸም ሲገመገም ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረበው ግራፍ በነጥቦች የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀበሌን ይወክላል። ነጥቡ ወደ ቀኝ በራቀ ቁጥር ቀበሌው በሄክታር የተጠቀመው ማዳበሪያ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ያገኘው የስንዴ ምርት ይበልጣል። ነጥቦቹ በጥቅሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። አቅራቢው «ማዳበሪያ በጨመርን ቁጥር ምርት ይጨምራል» ሲሉ ደመደሙ። ብዙ ማዳበሪያ ተጠቅመው ዝቅተኛ ምርት ያገኙ ሦስት ቀበሌዎች ግን «ፓኬጁን በአግባቡ ያልተገበሩ» ተብለው ታለፉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አርሶ አደር «ማዳበሪያውንስ አልቀነስንም፤ መሬቱ ነው እምቢ ያለን» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

በእኔ እምነት ግምገማው መጀመር የነበረበት ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች ነው።

ሽቅብ የሚወጡ ነጥቦች የሚነግሩን ሁለት ነገሮች አብረው መጨመራቸውን ነው። አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን ብቻቸውን አያረጋግጡም። ብዙ ማዳበሪያ መግዛት የሚችል አርሶ አደር ብዙ ጊዜ ጥማድ በሬ ያለው፣ ማሳውን ደጋግሞ የሚያርስ፣ ምርጥ ዘርም በወቅቱ የሚያገኝ ነው። ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር አይካድም። ከጭማሪው ምን ያህሉ የማዳበሪያው፣ ምን ያህሉ የእርሻውና የዘሩ እንደሆነ ግን ከዚህ ግራፍ አይነበብም።

ከመስመሩ የወጡት ነጥቦች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ፤ አፈሩስ? በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5 ነጥብ 5 ሲወርድ በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቃል፤ ሰብሉም ሊወስደው አይችልም። እንዲህ ያለው ኮምጣጣ አፈር አስቀድሞ ኖራ ይፈልጋል። ኖራ ሳያገኝ ማዳበሪያ መጨመር ለአርሶ አደሩ ዕዳ መጨመር ነው።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የማዳበሪያ ድልድል ከማውጣታቸው በፊት ሁለት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ ነጥቦቹን በአፈር ዓይነትና በአየር ጠባይ ለይተው በተለያየ ቀለም ያስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ከመስመሩ ከወጡት ቀበሌዎች የአፈር ናሙና አስወስደው ያስመርምሩ። አርሶ አደሮችም የማሳቸው አፈር እንዲመረመር ይጠይቁ።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል። ያለው አንድ ማሳ የሆነን አርሶ አደር «አልተገበረም» ብለን ከመፈረጃችን በፊት አፈሩን እንመርምር።