በወረርሽኝ ዘመን ለሽርሽር መሄድ ነውር ነውን?

ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ እኩል አይሸሽም። ገንዘብ ያለው ነፋሻ ደጋ ወይም የባሕር ዳርቻ ይመርጣል፤ የሌለው ደጃፉን ዘግቶ አምላኩን ይለምናል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ግሪክ ለወራት ዘግታ ከቆየች በኋላ ሰኔ 24 ቀን የደሴቶቿን አየር ማረፊያዎች ለውጭ አገር በረራ ከፈተች። ከኢኮኖሚዋ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው በቱሪስት ላይ የቆመ ነውና ብትከፍት አይፈረድባትም። አንዳንዱ እንግዳም የቢሮ ሥራውን በኮምፒዩተር እየሠራ ለሳምንታት በባሕሩ ዳር ከረመ።

ይህ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን መሄዱን አልነቅፍም፤ አስተናጋጁም ጀልባ ቀዛፊውም እንጀራ ይፈልጋሉና። ነውሩ የተቀበለንን አገር ዐቅም አለማሰብ ነው። ትንንሾቹ ደሴቶች የጽኑ ሕሙማን ክፍል የላቸውም፤ ሕመም የጠናበት ሰው በአየር ወይም በመርከብ ወደ ትልቅ ከተማ መወሰድ አለበት። ለእንግዳው ዕረፍት የሆነው ለባለአገሩ ሥጋት ነበር።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር በዘጌ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ሰፈሩ ወደ ቈራጣ ተዛወረ፤ በሽታውም አብሮ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ፤ በቁጥጥር ሥር የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳምና ሐኪሙ ብላንክም የአውሮፓ ባለሙያዎች መድፍ ወደሚሠሩባት ወደ ጋፋት ተወሰዱ። ዛሬ ጋፋት ስትነሣ የሚታወሰን ሴባስቶፖል ነው፤ በዚያ ክረምት ግን ከሐይቁ ዳር ለሸሹት መጠጊያ ነበረች። ራሳምና ብላንክ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው ስማቸው ቀርቷል። በመንገድ የወደቀው ወታደር፣ ውሃ ቀጂዋና ስንቅ ተሸካሚው ግን ስማቸው የለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ወደ ራሳችን እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተላኩ። አንዳንዱ ግቢ የለይቶ ማቆያ ሆነ። እኛ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ስሙ ዕረፍት ይባል እንጂ ለሁሉ ዕረፍት አልነበረም። በከተማ ኢንተርኔት ያለው ልጅ በስልኩ ሲማር፣ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ሞፈር ጨብጦ ደብተሩን ረሳ። ከተመለሱ በኋላ ግን ሁለቱም ለአንድ ፈተና ተቀመጡ።

«በሽታው አልፏል፤ ስለ አለፈው ምን አወራን?» የሚል አይጠፋም። ኮሌራም ከ1858 በኋላ ደጋግሞ ተመልሷል። የሚመጣውን ቀኑን አናውቅም እንጂ መምጣቱን እናውቃለን።

ስለዚህ ማኅበራችን ከአሁኑ ሁለት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ፣ በአካባቢው መብራትና ኔትወርክ መኖሩን ይመዝገብ። ይህን መጽሔት የሚያባዛው መሣሪያ የትምህርት ወረቀትም ማባዛት ይችላልና፣ ግቢ ሲዘጋ ወረቀቱ በአውቶቡስ እስከ ወረዳው ይድረስ። ሁለተኛ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ተማሪ በሽታ ይዞ እንዳይገባ ከመሳፈሩ በፊት የሚቆይበት ቦታና የሚበላው ይዘጋጅለት። እናት ልጇን አቅፋ እንጂ በሩቁ አትቀበልምና፣ ጥንቃቄው የእኛ ፈንታ ነው።

ባሕር ዳር መዋኘት ለቻለ ይዋኝ። መንደሩን መጠጊያ ያደረገ ግን መንደሩን መጠበቅ ግዴታው ነው።