የአንቀጽ 11 አጥር ለሁለቱም ወገን ነው



በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደንግጓል። ፓርቲያችን ድንጋጌውን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ጥያቄያችን አፈጻጸሙ ላይ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 126፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መንግሥታዊ ደረጃ ሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር፣ የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አደባባይ ወጡ። ደርግ መንግሥታዊ ሃይማኖትን ቢያስቀርም እጁን ከእምነት ቤቶች አላነሣም፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። አንቀጽ 11 ከጸደቀ በኋላም፣ መንግሥት በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ጣልቃ ገብቷል ብለው የተቃወሙት ሙስሊሞች ተወካዮች በ2004 ዓ.ም. ታሰሩ።

አጥሩ የታጠረው ሰባኪው ሹመኛ እንዳይሆን፣ ሹመኛውም ሰባኪ እንዳይሾም ነው።

ስለዚህ ብንመረጥ፦
– የእምነት ተቋማት መሪዎቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤
– የአምልኮና የመቃብር ቦታ በከተሞች የሚሰጠው በግልጽና ለሁሉም እኩል በሆነ መመሪያ ይሆናል፤
– ቅሬታ ያለው ዜጋ አቤቱታውን ለነጻ ፍርድ ቤት ያቀርባል።

እኛም በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ቅስቀሳ አናደርግም።

ድምፃችሁን ስትሰጡ የዕጩውን እምነት ሳይሆን ለሕግ ያለውን ታማኝነት መዝኑ።