ከባዱ ብረት የሴትም ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ጂም ልትመዘገብ የምትመጣ ሴት ለአሠልጣኙ አስቀድማ የምትነግረው ነገር አለ፤ «ክብደት ልቀንስ ነው የመጣሁት፤ ጡንቻ ግን እንዳይወጣብኝ።» አሠልጣኙም ሐሳቧን ያከብርላታል። መጀመሪያ ትሬድሚል ላይ ያወጣታል፤ ቀጥሎ የሁለት ኪሎ ዳምቤል ያስይዛትና ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ እንድታነሳው ያዝዛታል። ከባዱ ብረት ለወንዶቹ ይቀራል። ሴትዮዋ ለወራት ትከፍላለች፣ ላቧን ታንጠፈጥፋለች፣ እንጀራዋን ትቀንሳለች። ክብደቷ ጥቂት ይወርዳል፤ የተመኘችው ሸንቃጣ ሰውነት ግን አይመጣም።

ይህ ምክር ደግነት ቢመስልም ሴቶቻችንን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። የምትመኘውን ቅርጽ የሚሰጣት ያ የምትፈራው ከባድ ብረት ነው። ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ ቀጥ ብላ የምትቆምበትን አጥንት የሚጠብቅላትም እሱው ነው።

ፍርሃቱን አልንቀውም። «ወንዳወንድ ሆንሽ» መባል በእኛ አገር ቀላል ስድብ አይደለም፤ እህትም፣ እናትም፣ እጮኛም ሊሰነዝሩት ይችላሉ። ነገር ግን ሰውነት የሚሠራበት መንገድ ይህን ፍርሃት አይደግፈውም። ጡንቻን ለማግዘፍ ትልቅ ድርሻ ያለው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በጎልማሳ ወንድ ደም ውስጥ ከሴቷ ከ10 እጥፍ በላይ ይገኛል። ያን ሁሉ ሆርሞን ይዘው እንኳ ወንዶቹ የሚታይ ጡንቻ ለማውጣት ዓመታት ይለፋሉ። በፎቶ አይተን የምንደነግጥባቸው ግዙፍ የሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪ ሴቶች እዚያ የደረሱት በረጅም ዘመን ሥልጠናና ተሰፍሮ በሚበላ ምግብ ነው፤ ብዙዎቹም በመድኃኒት ታግዘው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ያነሳች የቢሮ ሠራተኛ ሳታስበው እዚያ አትደርስም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታገኘው ጉልበት እንዲያውም አብዛኛው ከነርቭ የሚመጣ ነው፤ አንጎል ቀድሞ ያላሠራቸውን የጡንቻ ክሮች አንድ ላይ ማዘዝ ይለምዳል። የምታነሳው ብረት በጣም ጨምሮ የልብሷ ልክ ሳይለወጥ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ስለ መክሳትም እንነጋገር። ምግብ በመቁረጥ ብቻ የከሳች ሴት ከስቡ ጋር ጡንቻዋንም ታጣለች። ሚዛኑ ደስ ያሰኛታል፤ ክንዷ ግን ይላላል፣ ደረጃ መውጣት ያደክማታል። ከባድ ብረት እያነሳች ምግቧን በመጠኑ የቀነሰች ሴት ሰውነት ጡንቻው እንደሚያስፈልገው በየጊዜው ስለሚነገረው ይዞት ይቆያል፤ በብዛት የሚሄደው ስቡ ነው። በተመሳሳይ ክብደት ጡንቻ ከስብ ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ፣ የሚዛኑ ቁጥር ሳይነቃነቅ የቀሚሷ ወገብ ሊሰፋት ይችላል። ሚዛን ላይ በየቀኑ እየወጡ ከማዘን በወር አንድ ጊዜ ወገብን በሜትር መለካት ብዙ እውነት ይናገራል። «ጡንቻ ተኝተሽም ስብ ያቃጥልልሻል» የሚሉ አሠልጣኞች ግን ያጋንናሉ፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ በቀን የሚያቃጥለው ወደ 13 ካሎሪ ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያነሰ። ሆድን በማጠፍ ብዛት ቦርጭ ይጠፋል የሚለውም እንዲሁ መሠረት የለውም። ሰውነት ስቡን ከየት እንደሚያነሳ አንመርጥለትም።

ለመሆኑ ከባድ የሚባለው ስንት ኪሎ ነው? መልሱ በእያንዳንዷ ሴት ይወሰናል። ለሴቶች የሚሠራው የውድድር ባርቤል ባዶውን 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ለአንዷ ያ ብቻውን ከባድ ነው፤ ለሌላዋ ማሟሟቂያ ነው። አቋሟን ሳታበላሽ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ አንስታው፣ ብትቀጥል ሌላ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ የሚቀራት ክብደት ለእሷ ከባድ ነው። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት)፣ ከራስ በላይ መግፋትና ብረት ወደ ራስ መሳብ ይበቃሉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየመሐሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ሲለመድ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ መጨመር። ብዙ ሴቶች ያ ዕረፍት ስንፍና ይመስላቸዋል፤ ላብ ካልወረደ ሥራ የተሠራ አይመስላቸውም።

ቀላል ብረትም ጡንቻው «አልችልም» እስኪል ድረስ ከተነሳ ጡንቻ እንደሚያሳድግ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሆኖም በሁለት ኪሎ ዳምቤል እግሯንና ጀርባዋን እዚያ ጥግ የምታደርስ ሴት አላየሁም። ጉልበት ለመጨመር ደግሞ ከባዱ ብረት ይበልጣል።

እዚህ ላይ «የእኛ ሴቶች ሸክም መች አጡ?» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልሰው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ጀርባቸው ላይ አስረው ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛሉ። በገጠር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ከምንጭ የሚመለሱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። እነሱን ወንዳወንድ የሚላቸው የለም። «ለሴት ከባድ ነገር አይሆንም» የሚለው አባባል በድሃ ሴት ላይ ሠርቶ አያውቅም፤ የሚታወሰው ሴቷ ለራሷ ጤና ብላ ብረት ልታነሳ ስትል ብቻ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ታዲያ ሸክም ሰውነትን የሚገነባ ከሆነ የእንጦጦዋ እናት ወገቧ ለምን ይጎብጣል? ጡንቻና አጥንት የሚታደሱት ከሸክሙ በኋላ ባለው ዕረፍትና ምግብ ነው፤ ለእሷ ሁለቱም የሉም። ነገም ያው ሸክም ይጠብቃታል፤ ብትታመምም፣ ብታረግዝም። ክብደቱን የሚወስነው የዕለቱ ገበያ ነው፤ አካሄዷም ጎንበስ እንዳለች ዳገትና ቁልቁለት ነው። በጂም ውስጥ ክብደቱን የምትወስነው ራሷ ሴቷ ናት፤ ለአጭር ጊዜ አንስታው ታስቀምጠዋለች፤ ወደ ቤቷ ሄዳ ትበላለች፣ ትተኛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳቆማቸው የተሸካሚዋን ድካም ማቃለሌ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የማነሳው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ የሴት ሰውነት ከባድ ነገር መቻሉ በዓይናችን ፊት በየቀኑ ተረጋግጧል። የቀረው ያ ችሎታ ለባለቤቷ የሚጠቅምበትን መንገድ ማግኘት ነው።

ስፖርቱም ራሱ ሴቶችን ለረጅም ዘመን ከደጅ አስቁሟል። ክብደት ማንሳት እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ነበረ። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ግን በ1987 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ላይ ተካሄደ፤ ኦሊምፒክ የገቡት ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ሯጫችን ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሂዲሊን ዲያዝ በ55 ኪሎ ምድብ 127 ኪሎ ከራሷ በላይ ገፍታ ለፊሊፒንስ በታሪኳ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ ከራሷ ክብደት እጥፍ በላይ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ማሌዥያ ውስጥ መውጫ አጥታ በቀርከሃ ዘንግ ላይ ውኃ እያንጠለጠለች ትለማመድ ነበር። ከዓባይ ማዶ ደግሞ ግብፃዊቷ ሣራ ሳሚር ሒጃቧን እንዳደረገች በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ብር ወሰደች።

እኛ የሴትን ጥንካሬ የምናውቀው በሯጮቻችን ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን የሚወጡ የሚወርዱ ሴቶች ስፖርት ሲባል የሚታያቸው ሩጫ ነው፤ ጤነኛ ሰውነትም የሯጭ ቅጥነት ይመስላቸዋል። ሩጫ ለልብና ለሳንባ ትልቅ ነገር ነው። ክንድን፣ ጀርባንና አከርካሪን ግን ብቻውን አያጠነክርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አጥንት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት በሚጫንበት ኃይል ልክ ራሱን እንደሚያደራጅ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ በሚቀጥሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥም ከአጥንቷ ክምችት እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። በእኛ ቤት በዚህ ዕድሜ ያለች እናት የምትሰማው ምክር «እንግዲህ ከባድ አታንሺ» የሚል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን ሞከሩ። ያረጡና አጥንታቸው የሳሳ ከ100 በላይ ሴቶችን፣ በአማካይ የ65 ዓመት ሰዎችን፣ በሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ዴድሊፍትና ስኳት ሠራ፣ ከራስ በላይ ገፋ፤ ዘልሎ ከከፍታ ማረፍንም ጨመረ። ብረቱ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት ከ80 በመቶ በላይ ነበር፤ አምስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ። ሌላው ቡድን ቤቱ ሆኖ ቀላል እንቅስቃሴ ሠራ። ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ የወገብ አከርካሪ አጥንት ጥግግት በአማካይ በ2.9 በመቶ ጨመረ፤ የሌሎቹ በ1.2 በመቶ ቀነሰ። የተመዘገበው ጉዳት የአንዲት ሴት ቀላል የወገብ ሕመም ብቻ ነበር። ስለ እናቶቻችን ወገብ ስናወራ ይህን ውጤት ሁሉም ሐኪምና ሁሉም አሠልጣኝ ሊያውቀው ይገባል።

ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ለስምንት ሳምንት እግራቸውን በከባድ ክብደት ሲያሠለጥኑ ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሯል። ጡንቻ በዕድሜ ብቻ አይደክምም፤ ሥራ ሲያጣም ይደክማል።

ምግቡ በእኛ አገር የራሱ ነገር አለው። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንደሚበጅ ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ ለ60 ኪሎ ሴት ወደ 96 ግራም ነው። የኦርቶዶክስ ጾም በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ስለሚይዝ «እንዴት ይሆናል?» የምትል ብዙ ናት። ይቻላል፤ ግን ታስቦበት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል። ወፍራም ሽሮ፣ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ፣ እልበት፣ ለውዝ አሉ፤ ከጤፍ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። በትሪው ላይ እንጀራው ትንሽ፣ ወጡ ብዙ ይሁን። ጾምን ለመክሳት ብሎ በረሃብ ላይ ረሃብ መጨመር ግን አደገኛ ነው። ከሥራዋ ያነሰ የምትበላ ስፖርተኛ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷ ሊሳሳ ይችላል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ብሎ ዘርዝሮታል። የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ ብረቱን ለጊዜው አስቀምጣ ወደ ሐኪም ትሂድ።

የደም ግፊት፣ የዲስክ ችግር ወይም የተረጋገጠ የአጥንት መሳሳት ያለባት፣ እርጉዝ የሆነችና በቅርብ የወለደች ሴትም አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ከዚያ በኋላ ስኳትን በመጥረጊያ እንጨት፣ ዴድሊፍትን ከፍ ካለ ሣጥን ላይ በተቀመጠ ቀላል ብረት መማር ትችላለች። የጂም ባለቤቶች ደግሞ ለሴት ደንበኞቻቸው ከኤሮቢክስ ክፍሉ ጎን ባለ 15 ኪሎ ባርቤልና ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ የሚሆኑ ትናንሽ ክብደቶች ያስገቡ፤ ያለ እነሱ ቀስ በቀስ መጨመር አይቻልም። ከዚያ ጋር የ60 ዓመት እናትን አቋም አስተካክሎ ማስያዝ የሚችሉ ሴት አሠልጣኞችን ያሠልጥኑ። ዛሬ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ብዙ እናቶችም ወንድ ወገባቸውን ይዞ እንዲያስተካክላቸው ስለማይፈልጉ ከደጃፉ ይመለሳሉ።