የሳጥኑን ፎቶ ማን ይሰብስበው?



ለሚ ሄዳችሁ ዐረብ ሀገር ልጅ የላከ ቤት ግቡና ‹‹እስኪ ፎቶ አሳዩን›› በሉ። መጀመሪያ ለፓስፖርት የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ይወጣል። ቀጥሎ ጅዳ ወይም ሪያድ፣ በሰው ሳሎን ውስጥ ቆማ የላከችው። ከዚያ ለዒድ መጥታ ከእናቷ ጋር የተነሳችው። በሦስቱ መካከል ስንት ዓመት እንዳለፈ ከእናትየው ፀጉር ታውቁታላችሁ።

ዓለም ስለ ስደታችን ያየው ፎቶ ግን ይህ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ከዚያ ወቅት በአእምሯችን የቀረው ቦሌ ላይ ሻንጣና ፌስታል ይዞ የተሰለፈ ሕዝብ ነው። ምስሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስም የለውም። የማን ልጅ እንደሆነች፣ በላከችው ብር የማን ቤት ቆርቆሮ እንደለበሰ፣ ማን እንደተማረበት አይናገርም።

ይህ ነገር የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐብዱልገፋር የሚባል የመካ ሐኪም ሐጃጆችንና የከተማውን ሰው ፎቶ አንስቶ ነበር። ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ እ.ኤ.አ. በ1889 የመካን ምስሎች ሲያሳትም ሐኪሙ በፎቶዎቹ ላይ ያሰፈረው ስም እንዲጠፋ ተደረገ። ሐቁ ለባለቤቱ የተመለሰው በኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያወጡት ነው።

እኛ ዘንድም መልካም ጅምር አለ። ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቡት ቅርስ ሙዚየም ሆኗል። አዲስ አበባ ላይም ወጣቶች የነዋሪውን የቆየ አልበም አስከፍተው ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› በሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ታዲያ የገጠር ከተማው ሳጥን ለምን ይቅር?

ለሚ ደግሞ የሚቸኩልበት ምክንያት አለው። የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ፋብሪካውን አልቃወምም፤ ሥራ ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት የወጣች ልጅ ስትመለስ በልቧ ይዛ የሄደችውን ሜዳ አታገኘውም። ያ ሜዳ ካለ ምናልባት ከአንድ የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው።

‹‹ፎቶ ሐራም አይደለም ወይ?›› የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በጉዳዩ ላይ የዑለማዎች ኢኽቲላፍ አለ። የግብጹ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በካሜራ የሚነሳውን የሚፈቅድ ጽሑፍ የጻፉት ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ለማንኛውም፣ እኔ የምለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል አይደለም፤ ይመዝገብ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእህቶቻችን ገመና ነው። ያለ ባለቤቷ ፈቃድ አንድም ፎቶ ፌስቡክ ላይ መውጣት የለበትም። ‹‹ለታሪክ ነው›› ማለት ፈቃድን አይተካም።

ሥራው ገንዘብም ሆነ ድርጅት አይፈልግም። ለመጪው ዒድ ወደ ቤት የምትገቡ ተማሪዎች ስልካችሁ ይበቃል። ከራሳችሁ አያት ሳጥን ጀምሩ። ፎቶውን ቅዱና ዋናውን እዚያው መልሱ፤ ‹‹ነገ አመጣዋለሁ›› ብሎ የወሰደ ሁሉ እንዳልመለሰ እናቶቻችን ያውቃሉ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን እንደላከው ጻፉ። የማታውቁት ፊት ሲገጥማችሁ ‹‹ይቺ ማናት እማማ?›› ብላችሁ ጠይቁና የሚነግሯችሁን በድምፅ ቅዱት።