የማይዝግ ብረት ሒሳብ

የማይዝግ ብረት፣ በገበያ ስሙ ስታንለስ ስቲል፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጥራል፤ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ቀለምም ሆነ የዚንክ ልባጥ የማይፈልገው ለዚህ ነው።

ለአካባቢ የሚሰጠው ጥቅም በደንብ የታየው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው። በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ 15 በመቶ ያህሉ ውሃ ቤት ሳይደርስ ይፈስ ነበር። ብልሽቱ የሚበዛው ከዋናው መስመር ወደየቤቱ በሚገቡት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹም የእርሳስ ነበሩ። ከተማዋ በስታንለስ ቱቦ ተካቻቸው፤ ቆይታም በየመታጠፊያው መገጣጠሚያ እንዳይበዛ፣ እንደ አኮርዲዮን ተሸብሽቦ የሚታጠፍ ቱቦ ቀበረች። ዛሬ የሚፈሰው ከ5 በመቶ በታች ነው። ውሃ ካልፈሰሰ በምትኩ ሌላ አይጣራም፣ በፓምፕም አይገፋም፤ የኤሌክትሪኩ ቁጠባ ከዚህ ይመጣል።

አመራረቱ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ክሮሚየምና ኒኬል ከማዕድን ወጥተው እስኪቀልጡ ብዙ ኃይል ይበላሉ፤ በኢንዶኔዥያ እንደሚደረገው ኒኬሉ በድንጋይ ከሰል ኃይል ሲቀልጥ ደግሞ ጭሱ ይብሳል። ሸክሙን የሚያቀለው ውድቅዳቂው ነው። አሮጌ ስታንለስ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ጥራቱ ሳይወርድ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በውስጡ ያለው ኒኬልም ዋጋ ስለሚያወጣ ማንም አይጥለውም። ቁራሌው የሰበሰበው ድስት ገዢው ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ማግኔት ይጠጋበታል፤ ኒኬል ያለበት የተለመደው ዓይነት ማግኔት አይይዘውም። አሉሚኒየምንም አይይዘውም፤ እሱን ግን ቅለቱ ያሳብቅበታል።

በዚህ ጋዜጣ እምነት፣ የውሃ ቱቦ ጨረታ በመግዣ ዋጋ ብቻ መወሰኑ ስህተት ነው። ቱቦው የሚቆይበት ዘመን፣ በተበላሸ ቁጥር የሚቆፈረው አስፋልትና የሚፈሰው ውሃ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። በዚህ ሒሳብ ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪ ላለው ቱቦ ስታንለስ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሁሉም ቦታ ግን አይደለም፤ ለደረቅ አገር አጥር ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ይበቃል። ጨው በበዛበት አፈርና ውሃ ውስጥ ደግሞ 304 የሚባለው ዓይነት ይቦረቦራል፤ እዚያ ሞሊብዲነም ያለበት 316 ያስፈልጋል። የጨረታ ሰነድም «ስታንለስ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ቁጥሩን መጥቀስ አለበት።